አረሩ የሚከፈትበት ርቀት



ከፊቴ ጠረጴዛ ላይ ያሉትን ሁለት የብረት ቁርጥራጮች ከኋላ የተቀመጣችሁት ላታዩአቸው ትችላላችሁና በቃል ልግለጻቸው። ሁለቱም ከአንድ የጥይት ሳጥን ወጥተው ከአንድ ጠመንጃ የተተኮሱ አረሮች ናቸው። የመጀመሪያው አሁን አረር አይመስልም። ጫፉ ተሰንጥቆ ወደ ኋላ ተቀልብሷል፤ በዝናብ ማግስት እንደሚበቅል እንጉዳይ ጥላውን ዘርግቷል፤ ስፋቱም እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው። ይህን ያወጣሁት 90 ሜትር ያህል ርቆ ከመታሁት አጋዘን ነው፤ በአንዱ ጎን ገብቶ በሌላው ጎን ከቆዳው ሥር ቆሞ አገኘሁት። ሁለተኛው ግን ጫፉ ትንሽ ከመደፍጠጡ በቀር ከፋብሪካ እንደወጣ ነው ማለት ይቻላል። እሱን የተኮስኩት ውሃ በጠጣ የጋዜጣ ክምር ላይ ነው፤ ርቀቱም 457 ሜትር፣ በአሜሪካኖቹ ልኬት 500 ያርድ ነበር። ጋዜጣ ላይ እንድተኩስ ያደረገኝን ነገር በኋላ እመለስበታለሁ።

ሰው ስለ አደን ጠመንጃ ሲጠይቅ መጀመሪያ የሚለው «ስንት ሜትር ይመታል?» ነው። ይህ ጥያቄ ብዙ አዳኝ አሳስቷል፤ እኔንም አሳስቶኛል። አረር እጅግ ሩቅ ይሄዳል። መጠየቅ ያለበት እስከ ስንት ሜትር ድረስ ይከፈታል የሚለው ነው።

ከሁሉ በፊት ስለ ስሙ አንድ ነገር ልበል። እኛ አገር አጋዘን የምንለው እንስሳ፣ በባሌና በአርሲ ከፍታዎች የሚገኘውን የደጋ አጋዘን ጨምሮ፣ ቀንዱ ዕድሜውን ሙሉ ከራሱ አይለይም። ዛሬ የምናገርለት የሰሜን አሜሪካው ባለነጭ ጅራት ሌላ ወገን ነው። ወንዱ በየዓመቱ በበረዶው ወራት ቀንዱን ይጥላል፤ ሲሞቅ ደግሞ አዲስ ያበቅላል። ይህ ወገን ከሰሐራ በስተደቡብ በተፈጥሮ አይገኝም፤ ቋንቋችን ግን ሌላ የተለመደ ስም ስላላወጣለት አጋዘን እንለዋለን። ሚኒሶታ ወይም ቨርጂኒያ የምትኖሩ ሁሉ ማታ በመኪናችሁ መብራት ውስጥ ቆሞ አይታችሁታል። ሙሉ አካል የደረሰው ወንድ ከ60 እስከ 130 ኪሎ ሊመዝን ይችላል። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አረር አጋዘንን የሚገድለው እንዴት ነው? ብዙ ሰው «በጉልበቱ» ብሎ ይመልሳል፤ አረሩ እንደ መዶሻ መትቶ የሚዘርር ይመስለዋል። ነገር ግን አረሩ አጋዘኑን የሚገፋበት ግፊት ሰደፉ የተኳሹን ትከሻ ከሚገፋበት አይበልጥም። ተኳሹ ቆሞ ከቀረ አጋዘኑም በግፊት ብቻ አይወድቅም። የሚገድለው የደም መፍሰስና የሳንባ መሟሸሽ ነው። ልቡ ተበስቶ እንኳ አንጎሉ ውስጥ በቀረው ኦክስጅን ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ሊሮጥ ይችላል። በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ እንስሳ በ10 ሰከንድ ከ130 ሜትር በላይ ይሄዳል። ጀማሪ አዳኝ «ሳትኩት» ብሎ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው፤ የሞተው አጋዘን ግን ከጥቅጥቁ ዛፍ ጀርባ ተኝቶ ሊሆን ይችላል። ወዲያው እግሩ ከድቶት የሚወድቀው አከርካሪው ወይም አንጎሉ ሲመታ ነው፤ እነዚህ ደግሞ ትንንሽ ዒላማዎች ስለሆኑ ጥንቁቅ አዳኝ አይመርጣቸውም። የሚመርጠው ከወርቹ ጀርባ፣ ልብና ሳንባ ያሉበትን ስፍራ ነው። ስፋቱ የእንጀራ አይደለም፤ የምግብ ሳህን ያህል፣ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ነው።

አረር በሥጋ ውስጥ የሚሠራውን ነገር ካስተማሩን ሰዎች አንዱ ማርቲን ፋክለር የተባለ የአሜሪካ ጦር ቀዶ ሐኪም ነው። በ1980ዎቹ ሳን ፍራንሲስኮ በነበረው የሌተርማን የምርምር ተቋም ውስጥ በሥጋ ፈንታ በመቶ 10 እጅ ጄላቲን ቀላቅሎ፣ በ4 ዲግሪ አቀዝቅዞ፣ እየተኮሰበት ቁስሉን ይለካ ነበር። ያሳየን ነገር አረር ሁለት ዓይነት ጉዳት እንደሚያደርስ ነው። አንደኛው አረሩ ራሱ እየፈጨ የሚያልፍበት ቋሚ ቀዳዳ ነው። ሁለተኛው በፍጥነቱ ሥጋውን ወደ ጎን ገፍቶ ለቅጽበት የሚከፍተው ባዶ ቦታ ነው። ሳንባ እንደ ስፖንጅ ስለሚለጠጥ ይህን ሁለተኛውን ብዙ ይችለዋል፤ ጉበት ግን አይለጠጥም፤ ይሰነጠቃል። የአረሩ መከፈት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የተከፈተ አረር ሰፊ ቀዳዳ ይቆርጣል፤ ሳንባው ይሟሽሻል፣ ደሙም ቶሎ ይፈስሳል። ያልተከፈተ አረር እንደ ወስፌ ወግቶ ያልፋል።

የሚከፍተው ደግሞ ፍጥነት ነው። ተራው የአደን አረር እምብርቱ እርሳስ፣ ልባሱ መዳብ ነው፤ ጫፉ ላይ ልባሱ ተትቶ እርሳሱ ብቅ ይላል። ሥጋና ፈሳሽ በኃይል ሲገጥመው እርሳሱ ይደፈጠጣል፤ ልባሱም በስንጥቁ እየተቀደደ ወደ ኋላ ይቀለበሳል። ይህ እንዲሆን በግምት በሰከንድ 550 ሜትር ያህል ፍጥነት ያስፈልጋል፤ ከአሠራር አሠራር ይለያያል። ከዚያ በታች አረሩ ይገባል፤ አበባው ግን አይፈነዳም።

ቁጥሩን በአንድ እውነተኛ ጥይት እንየው። የአሜሪካ ጦር በ1906 የተቀበለው፣ እስከ ዛሬም በአዳኞች እጅ ያለው 30-06 የሚባለው ጥይት ነው። 150 ግሬን፣ ማለትም 9.7 ግራም የሚመዝን ተራ አረር ከአፈሙዙ ሲወጣ በሰከንድ 887 ሜትር ይበራል፤ ጉልበቱም 3,820 ጁል ያህል ነው። በ91 ሜትር ላይ ፍጥነቱ ወደ 798 ይወርዳል። በ183 ሜትር 714፣ በ274 ሜትር 635 ይሆናል። በ366 ሜትር 562 ደርሷል፤ የመከፈቻው ደፍ ላይ ነው። በ457 ሜትር 494 ብቻ ይቀራል፤ ጉልበቱም ወደ 1,190 ጁል ወርዷል፤ ከተነሳበት አንድ ሦስተኛ እንኳ አይሞላም። አየር ቀላል ነገር ይመስለናል፤ በዚህ ፍጥነት ለሚበር ብረት ግን እንደ ውሃ ወፍራም ነው።

እንግዲህ ቅርብ ሁልጊዜ ይሻላል ማለት ነው? አይደለም፤ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ክፍል ይህ ነው። ዛፍ ላይ በተሠራ መቀመጫ ሆኖ 20 ሜትር ላይ የሚተኩስ አዳኝ፣ አረሩ ገና ሙሉ ፍጥነቱን ይዞ ነው አጋዘኑን የሚያገኘው። ልባሱ ስስ ከሆነና የወርች አጥንት ከገጠመው፣ ከመከፈት አልፎ ይበታተናል። ላይ ላዩን አስፈሪ የሆነ፣ ወደ ውስጥ ግን ጥልቀት የሌለው ቁስል ይተዋል። ሥጋውም በደምና በስብርባሪ ተበላሽቶ ይጣላል። አረር የሚሠራበት የፍጥነት ወሰን ላይም ታችም አለው። በ1895 ለወጣው 30-30 ለተባለው ቀርፋፋ ጥይት የተሠራ ለስላሳ አረር በ150 ሜትር ላይ ግሩም ሥራ ይሠራል፤ ያንኑ አሠራር ማግነም በሚባለው ትልቅና ፈጣን ቀለህ ፊት ብታስቀምጡት ቅርብ ላይ እንደ ሸክላ ይፈረካከሳል። ስለዚህ «ይህ አረር ጥሩ ነው፣ ያ መጥፎ ነው» የሚለው ክርክር ፍጥነቱና ርቀቱ ካልተነገረ ትርጉም የለውም።

ይህን ችግር በገዛ እጁ የፈታ ሰው ነበር። ጆን ኖስለር የተባለ አሜሪካዊ በ1946 በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ ሙስ የሚባለውን ትልቁን የአጋዘን ዘመድ ሊያድን ሄደ። ጠመንጃው ፈጣን ነበር፤ አረሮቹ ግን ጭቃ የደረቀበትን ወፍራም ገላ ሲመቱ ላይ ላዩን እየተሰበሩ ጠልቀው መግባት አቃታቸው። ወደ ቤቱ ተመልሶ አረሩን መሐል ለመሐል በመዳብ ግድግዳ ከፈለው። የፊተኛው ክፍል ይከፈታል፤ የኋለኛው ግድግዳው ስለሚይዘው ሳይሰበር ጠልቆ ይሄዳል። በ1948 መሸጥ ጀመረ፤ ዛሬም በገበያ ላይ ነው። ኖስለርን የማደንቀው ያልተሳካለትን ቀን በጠመንጃውም በዕድሉም ሳያመካኝ፣ አረሩን አንስቶ ስለመረመረ ነው።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ በልባችሁ የያዛችሁትን ቃል አውቃለሁ፤ ዱምዱም። ስሙ የመጣው ካልካታ አጠገብ ከነበረው የእንግሊዞች የጥይት ፋብሪካ ነው። በ1899 የተፈረመው የሄግ መግለጫ በሰው አካል ውስጥ የሚከፈት አረር በጦርነት እንዳይተኮስ ከለከለ። ጣሊያን በ1935 በወረረን ጊዜ፣ ራሷ የመርዝ ጋዝ እያዘነበች፣ ኢትዮጵያውያን ዱምዱም ይተኩሳሉ ብላ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ትከስ ነበር። በአደን ግን ሕጉ የተገላቢጦሽ ነው። በሚኒሶታ አጋዘን በጠመንጃ የሚታደነው በሚከፈት አረር ብቻ ነው፤ በእንግሊዝም እንዲሁ። በጦር ሜዳ የቆሰለ ወታደር ሐኪም ሊያገኝ ይችላል፤ ዓላማውም ከውጊያ ማስወጣት ነው ተባለ። የቆሰለ አጋዘን ግን ሐኪም የለውም። ወይ ቶሎ ይሞታል ወይ ብቻውን ሲሰቃይ ይከርማል።

ርቀትን በሕግ ውስጥ ካስገቡት መካከል ጀርመኖች ይገኛሉ። የፌዴራሉ የአደን ሕጋቸው ሬ ለሚባለው ትንሹ አጋዘን አረሩ 100 ሜትር ላይ ሲደርስ ቢያንስ 1,000 ጁል እንዲኖረው ያዝዛል። ለሌላው ሰኮና ላለው የዱር እንስሳ 2,000 ጁልና ከ6.5 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ውፍረት ይጠይቃል። የእንግሊዝና የዌልስ የ1991 የአጋዘን ሕግ ግን ለአብዛኞቹ አጋዘኖች ጉልበቱን የሚለካው በአፈሙዙ ላይ ነው፤ 2,305 ጁል ያህል። የጀርመኑ ለእውነቱ የቀረበ ይመስለኛል። አጋዘኑ የሚቆመው አፈሙዙ ጋ አይደለምና።

አሁን ወደ ሩቁ እንሂድ። አረሩ ቢከፈት እንኳ ሌላ ሦስት ጣጣ ይጠብቀዋል፤ መውረድ፣ ነፋስና ጊዜ። ያንኑ 30-06 በ183 ሜትር ላይ ልክ እንዲመታ ብናስተካክለው፣ በ91 ሜትር 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይመታል፤ ይህ አያስጨንቅም። በ274 ሜትር 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። በ366 ሜትር ከ60 ሳንቲ ሜትር በላይ፣ በ457 ሜትር 1.3 ሜትር ያህል ይወርዳል። አዳኙ ይህን ሰንጠረዥ በቃሉ ቢያውቀውም፣ ርቀቱን በ45 ሜትር ብቻ ቢስት፣ 366 ያለው እውነቱ 320 ቢሆን፣ አረሩ ካሰበው ከ20 ሳንቲ ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ የምግብ ሳህናችን ያለቀው እዚሁ ነው። በርቀት መለኪያ መሣሪያ ይህ ሊፈታ ይችላል። ነፋስን ግን እስከ አጋዘኑ ድረስ በሙሉ የሚለካ መሣሪያ በእጅ የለንም። በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር ከጎን የሚነፍስ ነፋስ፣ የዛፍ ቅጠል የሚያንቀሳቅስ ያህል ብቻ፣ በ457 ሜትር ላይ አረሩን 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወስደዋል። የአዳኙ የራሱ ትንፋሽና የልብ ምትም አለ። ሜዳ ላይ ተንበርክኮ በ100 ሜትር 10 ሳንቲ ሜትር የሚስት ሰው በ400 ሜትር 40 ሳንቲ ሜትር ይስታል።

ጊዜውን ለብቻው አነሳዋለሁ፤ እኔ የተማርኩበት እሱ ስለሆነ። አረሩ 457 ሜትር ለመድረስ 0.7 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። በዝግታ የሚራመድ አጋዘን በዚያች ቅጽበት 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ይህም ከደረቱ እስከ ታፋው ያለው ርቀት ነው።

ከዓመታት በፊት፣ በኅዳር የአደን ወቅት፣ ከተቆረጠ የበቆሎ ማሳ ጫፍ ተኝቼ ሳለሁ አንድ ወንድ አጋዘን ከማዶ ብቅ አለ። የርቀት መለኪያዬ 457 ሜትር አለኝ። አጋዘኑ እየሄደ ይቆማል፤ እየቆመ ይሄዳል። ሰንጠረዡን አውቀዋለሁ፤ በዒላማ ሜዳ ላይ በዚያ ርቀት የብረት ሳህን መትቻለሁ። በቆመበት ጊዜ ምላጩን ሳብኩ፤ ምላጩ ሲለቀቅና እግሩ ሲነሳ አንድ ሆነ። በመነጽሩ ውስጥ ወገቡ ሲሰበቅ አየሁት፤ ከዚያም አንድ የኋላ እግሩን እያነከሰ ወደ ረግረጉ ገባ። በቦታው ስደርስ በረዶው ላይ ግራጫ ፀጉርና ሦስት ጠብታ ደም ነበር። ግማሽ ሰዓት ጠበቅሁ፤ ከዚያ እስኪመሽ ዱካውን ተከተልሁ። በማግስቱም ከጓደኛዬ ጋር ተመልሰን ሄድን። ረግረጉ ያልተጋገረ ውሃ ነበረበት፤ ዱካው እዚያ ጠፋ። አጋዘኑን አላገኘሁትም። ለዚህ ማንንም አልከስም፤ ጠመንጃው ልክ ነበር፤ ጥይቱም በወጉ የተሠራ ነበር። ያን ርቀት የመረጥኩት እኔ ነኝ።

ጋዜጣውን ውሃ ውስጥ የነከርኩት በዚያው ሳምንት ነው። ያንኑ ጥይት በያንዳንዱ ርቀት ልተኩስና በዓይኔ ልየው ብዬ። በ91 ሜትርና በ183 ሜትር ሙሉ በሙሉ ተከፈተ። በ274 ሜትር ከፈት አለ። በ366 ሜትር አንዱ ተከፈተ፣ ሌላው አልተከፈተም። በ457 ሜትር የሆነው ይኸው ጠረጴዛው ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ በእርሳስ አረር የኔ ወሰን 230 ሜትር ሆነ፤ ያውም ነፋስ በሌለበት፣ እንስሳው በቆመበት፣ ጠመንጃው በድጋፍ ላይ ባረፈበት ጊዜ። ከዚያ የራቀውን እየተሳብኩ እቀርበዋለሁ፤ ካልሆነም አየዋለሁ፤ ይሄዳል። የሌላው ሰው ወሰን ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ግን በጋዜጣ ክምርና በዒላማ ወረቀት የተለካ ይሁን እላለሁ።

ከእኛ ሰው ዘወትር የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ፤ አጋዘኑ ሳይሞት ደርሶ ማረድ ይቻላል ወይ የሚል። የእምነቱን ጉዳይ ለአባቶችና ለሼሆች እተወዋለሁ። በአዳኝነቴ ግን የቆሰለን አጋዘን አትሩጡበት እላለሁ። ሲያሳድዱት ኃይሉን አሟጦ ሩቅ ይሄዳል፤ የደረሱበት እንደሆነም ሰኮናውና ቀንዱ ሰው ይገድላሉ። ደሙ ቀይ ሆኖ አረፋ ያለበት ከሆነ ሳንባው ተመትቷል፤ ቅርብ ነው። ጥቁር ቀይ ከሆነ ጉበት ነው፤ ታገሡ። አረንጓዴ ነገርና የፈርስ ሽታ ካለበት ጨጓራው ነው፤ ለሰዓታት መጠበቅ ያስፈልጋል።

ስለ ሥጋው ደግሞ ከልብ የምለምናችሁ ነገር አለ። በ2008 የሰሜን ዳኮታ ጤና መሥሪያ ቤት አዳኞች ለችግረኞች የለገሱት የተፈጨ የአጋዘን ሥጋ እንዳይታደል አሳሰበ፤ በራጅ ሲታይ የእርሳስ ብናኝ ተገኝቶበት ነበርና። በዚያው ዓመት ሚኒሶታም የራሷን ፍተሻ በበግ ሬሳ ላይ አደረገች። ቶሎ የሚከፈቱት የእርሳስ አረሮች በአንድ ገላ ውስጥ በአማካይ ከ100 በላይ ስብርባሪ ይተዉ ነበር፤ አንዳንዱም ከቁስሉ ከሩብ ሜትር በላይ ርቆ ተገኝቷል። ከመዳብ ብቻ የተሠሩት ግን ከጥቂት በላይ አልጣሉም። እንግዲህ ስለ ርቀት የነገርኳችሁ ነገር ወደ ማዕድ ይገባል። አረሩ በቅርብና በፍጥነት በመታ ቁጥር ይበልጥ ይሰባበራል፤ ስብርባሪውም ለዓይን አይታይም፤ ጥርስም አይለየውም። ለሕፃናት ጉዳት የማያመጣ የእርሳስ መጠን አልተገኘም፤ ነፍሰ ጡርም መጠንቀቅ አለባት። ከቁስሉ ዙሪያ ሰፋ አድርጋችሁ ቁረጡና ጣሉ፤ ደም የቋጠረውን ሥጋ ወደ መፍጫው አታስገቡ። ክትፎ የምንወድ ሕዝብ ነን፤ የዱር ሥጋ ግን በጥሬው አይበላ፤ ማብሰልም እርሳሱን አያጠፋውም።

ሌላው መንገድ የመዳብ አረር ነው። በ1989 ራንዲ ብሩክስ የሚባል ሰው ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሠራ፣ አራት ቅጠል ሆኖ የሚከፈት አረር ለገበያ አቀረበ። ካሊፎርኒያ ከ2019 ሐምሌ ጀምሮ ለአደን ሁሉ ከእርሳስ ነፃ ጥይት ግዴታ አድርጋለች፤ ምክንያቱም በ1982 ቁጥሩ 22 ብቻ ቀርቶ የነበረው ትልቁ ጥንብ አንሳ፣ ኮንዶር፣ አዳኞች ጥለውት ከሚሄዱት የሆድ ዕቃ እርሳስ እየበላ ይሞት ስለነበር ነው። እኔም ወደ መዳብ ተሻግሬያለሁ። ዋጋው ይከብዳል፤ ጠንካራ ስለሆነም ለመከፈት ከእርሳሱ የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። ስለዚህ ወሰኔን ወደ 200 ሜትር ዝቅ አድርጌዋለሁ።

ንግግሬ እዚህ ላይ ያበቃል። ሁለቱ አረሮች ጠረጴዛው ላይ ናቸው፤ ቀርባችሁ በእጃችሁ እያገላበጣችሁ እዩአቸው፤ ልጆች ግን በዓይናቸው ብቻ ይዩ። የነካችሁ ሁሉ ወደ ሻዩ ከመሄዳችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ እርሳስ ናቸው።